«ስንት ሰዓት ነው?»፦ የኤስ. ዚ. ሳካል ቅላጼና የሣቁ ሥርዓት

በሆሊውድ የወርቅ ዘመን ታሪክ ውስጥ የረዳት ተዋንያን ድርሻ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሐረግ ይታለፋል። ከውጭ መጥተው በባዕድ አነጋገራቸው ተመልካች ያሳቁት ደግሞ «በሰባራ እንግሊዝኛቸው የታወቁ» ተብለው ይመዘገባሉ። ኤስ. ዚ. ሳካል ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው «ሰባራ» የሚለውን ቃል ነው። በሳካል ምርጥ ሥራዎች ውስጥ ሣቁ የሚመነጨው ሁለት የቋንቋ ሥርዓቶች በአንድ አፍ ከመገናኘታቸው ነው፤ ይህን የሳተ ሐያሲም ሆነ ተርጓሚ ቀልዱንም ሰውየውንም ያጣል።

ሳካል እ.ኤ.አ. በ1883 በቡዳፔስት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ ለከተማዋ የሙዚቃና የቀልድ መድረኮች አጫጭር ጭውውቶችን ይጽፍ ነበር፤ የመድረክ ስሙ ሶኬ ሳካል በሀንጋርኛ «ወርቃማ ጢም» ማለት ነው። በ1920ዎቹ ወደ ቪየናና ወደ በርሊን ተሻግሮ በጀርመንኛ መድረክና ፊልም ሠራ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ ሀንጋሪ ተመለሰ፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1940 «ኢትስ ኤ ዴት» በተባለው ፊልም በሆሊውድ መተወን ሲጀምር ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ደርሶ ነበር። እንግሊዝኛ እንግዲህ ሦስተኛ የሙያ ቋንቋው ነው። በሁለት ቋንቋዎች ቀልድ ሲያውቅበት የኖረን ሰው «ሰባራ ተናጋሪ» ብሎ መመዝገብ ይህን ሁሉ ይሸፍናል።

በ1942 ለእይታ የበቃው «ካዛብላንካ» ዋነኛው ማስረጃ ነው። ሳካል በሪክ የምሽት ቤት የአስተናጋጆች አለቃ የሆነውን ካርልን ይጫወታል። በአንድ አጭር ትዕይንት፣ ወደ አሜሪካ ለመጓዝ የተዘጋጁ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ካርልን ወደ ጠረጴዛቸው ጋብዘው አብረው ይጠጣሉ፤ ከእንግዲህ ከእንግሊዝኛ በቀር እንደማይናገሩም ይነግሩታል። ከዚያም ባል ሚስቱን ሰዓቱን ይጠይቃታል፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ ጊዜን ለመጠየቅ በሚጠቀምበት አነጋገር ፈንታ የእጅ ሰዓት መጠሪያ የሆነውን «ዎች»ን ያስገባል። እሷም በዚያው ቃል አሥር መሆኑን ትመልስለታለች። ስህተቱ የዘፈቀደ አይደለም። በጀርመንኛ «ኡር» የሚለው አንድ ቃል መሣሪያውንም ከመሣሪያው የሚነበበውንም ጊዜ ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ሁለቱን ለያይቶ ይሰይማል። ባልና ሚስቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ሕግ በአዲሱ ቋንቋ ላይ በታማኝነት ሥራ ላይ አውለዋል።

ካርል ለዚህ የሚሰጠው ምላሽ፣ አሜሪካ ሲደርሱ እንደሚሳካላቸው በአክብሮት ማረጋገጥ ነው። ተመልካቹ ይስቃል፤ ካርል አያላግጥባቸውም። ሊያላግጥ የሚችልበት ከፍታም የለውም፤ የራሱም አነጋገር የስደተኛ ነውና። ባልና ሚስቱን የተጫወቱት ሉድቪግ ሽቶስልና ኢልካ ግሩኒንግ ከናዚዎች የሸሹ ተዋንያን ነበሩ፤ ዳይሬክተሩ ማይክል ከርቲዝም የቡዳፔስት ተወላጅ ነው። ሦስቱ ተዋንያንም ዳይሬክተሩም ትዕይንቱን የሠሩት ዘግይተው በተማሩት ቋንቋ ነው።

የአፍሪካ ቀንድና የምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪ እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። የአማርኛው «ሰዓት»፣ የዐረብኛው «ሳዓ»፣ ከዐረብኛ የተወሰደው የስዋሂሊ «ሳአ» እንደ ጀርመንኛው ቃል ሁለቱንም ፍቺ ይሸከማሉ። የባልየው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲገባ «ስንት ሰዓት ነው?» ይሆናል፤ አንዳች እንከን የለበትም፣ ስለዚህም አያስቅም። መልሱም ሌላ ችግር ያመጣል፦ የቀኑና የሌሊቱ ቆጠራ ከንጋትና ከምሽት በሚጀምርበት አካባቢ የፊልሙ የሌሊት አሥር «አራት ሰዓት» ነው። ተርጓሚው ለማሳቅ ሲል ያገኘውን ቃል ቢያዛባ ወይም ጾታ ቢያምታታ፣ ተናጋሪዎቹን አላዋቂ ያደርጋቸዋል። የሚሻለው ጀርመንኛ አማርኛ ላይ በእርግጥ ሊያሳድር የሚችለውን ጫና መፈለግ ነው። ጀርመንኛ ሰዓት በሚጠይቅ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ፍቺ የሌለው ተውላጠ ስም በባለቤትነት ያስገባል፤ አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ላይ ስለሚያመለክት ይህን አይሻም። «ስንት ሰዓት ነው እሱ?» ቢባል ሣቁም የስህተቱ ሥርዓትም ይጠበቃሉ።

የሳካል ሥራ ሁሉ በዚህ ደረጃ ላይ አይገኝም። በ1945ቱ «ክሪስማስ ኢን ኮኔቲከት» ምግብ አብሳዩ ፊሊክስ «ሀንኪ ዶሪ» የሚለውን ፈሊጥ «ሀንኪ ደንኪ» ይለዋል፤ ፍቺው የተደፈነውን ሁለተኛ ክፍል በመጀመሪያው ድምፅ አምሳል መልሶ ይሠራዋል። እዚያ ቢያንስ ፊሊክስ ምግብ ማብሰል የማትችለውን የምግብ ዓምድ ጸሐፊ ከመጋለጥ የሚያድን፣ በታሪኩ ውስጥ ክብደት ያለው ሰው ነው። በ1949ኙ «ኢን ዘ ጉድ ኦልድ ሰመርታይም» መነሻው የሚክሎሽ ላስሎ የሀንጋርኛ ተውኔት ነው፤ ታሪኩ ከቡዳፔስት ወደ ቺካጎ ሲዛወር የቀድሞዋን ከተማ በድምፁ ያቆያት የሳካል ባለሱቅ ነው። በሌሎች በርካታ ፊልሞች ግን ድርሻው ጉንጩን በመዳፎቹ ወደ መምታትና ወደ መደናገጥ ይወርዳል። ስቱዲዮው «ከድልስ»፣ ማለትም እቅፍ የሚያሰኝ፣ የሚል ቅጽል አውጥቶለት በፊልሞቹ የስም ዝርዝር ላይ ሳይቀር አስፍሮታል። ባዕድ ቅላጼ በዚህ መንገድ የልጅነት ምልክት ሆኖ ተሸጠ።

ይህ ሲሆን የሳካል እህቶች በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ውስጥ አልቀዋል። ተዋናዩ ከመሞቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1954፣ ባሳተመው ግለ ታሪክ ርእስ ላይ የኖረባቸውን ሦስት ገዢዎች በተርታ ያስቀምጣል፦ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን፣ አዶልፍ ሂትለርንና ዋርነር ብራዘርስን። በራሱ ብዕር ሲጽፍ ቀልዱ የሚያነጣጥረው ወደ ላይ ነው። ስለ እንዲህ ያለ ሰው አነጋገር የሚጽፍ የቋንቋ ባለሙያ የምንጭ ቋንቋውን፣ የተላለፈውን ሕግና ሣቁ ማንን እንደሚነካ ለይቶ ሊመዘግብ ይገባል፤ «ሰባራ» የሚለው ቃል ከሦስቱ አንዱንም አይገልጽም።