የተያዘው ጅማት፦ ስለ ኤሌክትሪክ ክራርና ስለ ግራ እጅ ጥበብ

ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው ሐርላ የድንጋይና የብርጭቆ ምስክር አያጣም። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጨሌ መሥሪያና ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሸቀጥ ተገኝቷል። ቆዳና ጅማት ግን ከአፈር ጋር እንዲህ አይታገሡም። የክራር ጥበብ የሚተርፈው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው፤ እጅ የረሳውን ቆፍሮ የሚያወጣው የለም። ይህን ዳሰሳ ያጻፈኝም በመርሳት ላይ ያለ አንድ እጅ ነው፤ የክራር ደርዳሪው ግራ እጅ።

ስለ ኤሌክትሪክ ክራር የሚባለው አብዛኛው በሁለት ቃል ያልቃል፦ አንዱ “ዘመነ” ይላል፣ ሌላው “ተበላሸ” ይላል። የሁለቱም ወገን ጆሮ ያለው ቀኝ እጅ ላይ ነው። ከክራር ደርዳሪዎቹ ከካሳ ተሰማና ከአስናቀች ወርቁ ዘመን ጀምሮ ስናወድሰው የኖርነው ድምፅ ከየት እንደሚወለድ ሳይመረመር ፍርዱ ይሰጣል።

ክራር በተለመደው አሠራሩ ስድስት ጅማት አለው፤ አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች ሲይዙ ስድስተኛው አንዱን በኦክቴቭ ይደግማል። በጣት ሲደረደር ጣት የፈለገውን ጅማት ብቻ ይነካል። በግርፍ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ቀኝ እጅ በመምቻው ጅማቶቹን ሁሉ አንድ ላይ ይጠርጋል፤ ከጅማቶቹ ጀርባ የተደገፉት የግራ እጅ ጣቶች መሰማት የሌለባቸውን ይይዛሉ፣ መሰማት ያለበትን ይለቃሉ። ዜማው የሚወጣው በመልቀቅ ነው።

የተያዙት ጅማቶችም ሥራ አይፈቱም። በእያንዳንዱ ግርፍ ቀጭ የሚል ደረቅ ምት ይሰጣሉ፤ የክራሩን ገላ የሸፈነው ቆዳም ያን ምት ተቀብሎ እንደ ትንሽ ከበሮ ይመልሰዋል። ጣት ከግርፉ በኋላ ወዲያው ከተመለሰ ድምፁ ይቆረጣል፤ ከዘገየ ይረዝማል፤ ሁለት ጣት አብሮ ሲነሣ ሁለት ድምፅ ተጣምሮ ይወጣል። ያው የትዝታ ዜማ በአንዱ እጅ ሲያለቅስ በሌላው የሚያስጨፍረው በዚህች ቅጽበት ልዩነት ነው። እንዲህ የሚጫወት አንድ ሰው ብቻውን ዜመኛም ከበሮ መችም ነው። በሙዚቃችን ውስጥ ከዚህ የረቀቀ የእጅ ሥራ ብዙ አላውቅም።

አሁን ወደ ማጉያው እንምጣ። በጊታር ላይ የሚገጠመው ዓይነት ማግኔታዊ ፒካፕ የሚሰማው የብረት ጅማትን ንዝረት ብቻ ነው። ስለዚህ ናይለኑ ወይም አንጀቱ ወርዶ ብረት ይወጠራል። ብረት ደግሞ ቶሎ ዝም አይልም፤ ለግራ እጅ ሥራውን ያከብድበታል። የተያዘ ጅማት እምብዛም ስለማይነዝር ከፒካፑ የሚወጣው ኢምንት ነው፤ የቆዳው ምትማ ጨርሶ አይደርሰውም። በዚያ ላይ ኢኮ ሲጨመር በግርፎቹ መካከል የነበረው ዝምታ ይሞላል። ከበሮው የሆነው የክራር ግማሽ ከመድረክ ይወርድና ቦታውን እንዲሸፍን ድራም ይጠራል። ደርዳሪውም ግርፉን ትቶ እንደ ጊታር አንድ አንድ ጅማት ወደ መልቀም ይሄዳል።

ብረቱን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በስዊዝ ቦይ ከተሞች የሚጫወቱት የክራር ዘመድ ሲምሲሚያ የብረት ጅማት አለው፤ ሆኖም መግረፉና መያዙ አብረውት ኖረዋል። ጥፋቱ ያለው ማጉያው ጆሮውን የሚጥልበት ቦታ ላይ ነው።

ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በኤም.አይ.ቲ. ክራርን ለማዘመን መድከማቸው የሚከበር ነው። ነገር ግን “ማዘመን” የሚለው ቃል ራሱ ክራር ጎዶሎ ነው ብሎ ይነሣል፤ ጎደለው የሚባለውም የድምፅ ብዛት ነው። ተመስገን ዘለቀ የሚመራው፣ መቀመጫው ለንደን የሆነው ክራር ኮሌክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አልበም ክራርን በዓለም መድረክ ፊት አቁሞታል፤ ውዳሴው ሁሉ ግን ክራሩ የሮክ ጊታርን ቦታ መያዙ ላይ አረፈ። እኔ ይበልጥ የምመለሰው የክራር ደርዳሪው መሰለ አስማማው በዚያው ዓመት ከሁለት የስካንዲኔቪያ ሙዚቀኞች ጋር ወዳወጣው “ባሮ 101” አልበም ነው። በሳክስፎንና በድራም መካከል፣ ዜማው አስቀድሞ ባልተጻፈበት ጨዋታ፣ ሌላው ሊያጸዳው የሚሮጠው ፍጭትና ድርቀት ቦታ ያገኛል። እጅግ ባዕድ የሚመስለው ሙከራ ለእጅ ሥራው ይበልጥ ቀርቦ መገኘቱ ልቤን ይነካዋል።

ድሬዳዋ ለዚህ ክርክር የራሷ ጆሮ አላት። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያጣናቸው ድምፃዊው አሊ ቢራ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ ይህችን ከተማ ዑድ አስለምደዋታል። ማይክሮፎን ፊቱ በተተከለለት ዑድ መምቻው እንጨቱን ሲነካ ሳይቀር ይሰማል፤ ማንም ግን “አጽዱት” አይልም። የቆላው ደረቅ ሙቀት ቆዳን እንደሚወጥርና ቅኝት እንደሚያዛንፍ አውቃለሁ፤ ቆዳ የሌለው ደረቅ ገላ ክራር የሚመረጥበት ምክንያት እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን ቆዳውን መጣል አይደለም። ፒዬዞ የተባለው ትንሽ ክብ ማንሻ ከብርኩማው አጠገብ ቆዳው ላይ ሲለጠፍ የጅማቱንም የቆዳውንም ንዝረት ይወስዳል። ያለ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ድምፁ ይቀጥናል፤ ስፒከሩ ከቆዳው ፊት ከቆመም ቆዳው ድምፁን መልሶ ይቀበልና ያፏጫል። ስለዚህ ፕሪአምፕ ይግባለት፣ ስፒከሩ ከጎን ይቁም፣ የወፍራሙ ድምፅ መጠን ይቀነስ፣ ኢኮው ይተው። ይህ በየሠርግ ቤቱ የሚቻል ነገር ነው።

ክራራችሁን ፒካፕ ልታስገጥሙለት ያሰባችሁ ወዳጆቼ፦ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ስድስቱንም ጅማት በግራ እጃችሁ ይዛችሁ አንዴ ግረፉት። ከስፒከሩ ምንም ካልወጣ ባለሙያው ሥራውን አልጨረሰም፤ መልሱለት።