የዓሣ ዘይት ጥራትና የልብ ጤና፦ ክርክሩ የዘለላቸው ነጥቦች

የዓሣ ዘይት እንክብል ለልብ ያለው ጠቀሜታ በትልልቅ ጥናቶች ሳይረጋገጥ በቀረ ቁጥር የሚሰማው ምላሽ አንድ ነው፤ ጉድለቱ የዘይቱ ጥራት ነው ይባላል። አባባሉ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በኒውዚላንድ ከተመረመሩ 32 ምርቶች መካከል በመለያቸው የተጻፈውን ያህል ኢ.ፒ.ኤ. እና ዲ.ኤች.ኤ. ይዘው የተገኙት 3 ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው ከሚመከረው ልክ በላይ ተበላሽተዋል። በተከታዩ ዓመት የወጣ ሌላ ምርመራ ግን ተቃራኒውን ዘግቧል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠቅሱ ጸሐፊዎች ይህን ማንሳት አይወዱም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ይፋ የሆነውና 25,871 ሰዎችን ያሳተፈው የአሜሪካው «ቫይታል» ጥናት የተጠቀመው በመድኃኒት ደረጃ የተጣራ እንክብል ነበር። እንዲህም ሆኖ በቀን 1 ግራም መውሰድ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በጉልህ አልቀነሰም። ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት አነስ ብሎ ቢታይም ይህ ሁለተኛ ደረጃ መለኪያ ነበር። እዚህ ላይ ጥራትን ማሳበብ አይቻልም።

በዚያው ዓመት የቀረበው «ሪዱስ-ኢት» ስታቲን እየወሰዱ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለ 8,179 ሕሙማንን አጥንቶ፣ በቀን 4 ግራም የተጣራ የኢ.ፒ.ኤ. ኤስተር አደጋውን በ25 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ነጋዴዎች የሚዋሱት ይህንን ውጤት ነው። ይሁን እንጂ የተለመደው ባለ 1,000 ሚሊግራም እንክብል የሚይዘው ኢ.ፒ.ኤ. 180 ሚሊግራም ገደማ በመሆኑ፣ ያንን መጠን ለማግኘት በቀን ከ20 በላይ እንክብል መዋጥ ያስፈልጋል! ጥናቱ ራሱም ከትችት አያመልጥም። ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ማዕድናዊ ዘይት ሲሆን፣ በዚያ ወገን የነበሩት ሕሙማን ኤል.ዲ.ኤል. ኮሌስትሮል 10 በመቶ ያህል ጨምሯል፤ በመድኃኒቱ ወገን የታየው ጭማሪ 3 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ከጥቅሙ የተወሰነውን ክፍል አላጋነነም ለማለት ይከብዳል። በ13,078 ሕሙማን ላይ የተካሄደውና የበቆሎ ዘይትን ለማነጻጸሪያ የወሰደው «ስትሬንግዝ» ደግሞ፣ 4 ግራም የኢ.ፒ.ኤ. እና የዲ.ኤች.ኤ. ውሁድ ሰጥቶ ጥቅም ባለማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ቀድሞ ተቋርጧል።

በሁለቱም ጥናቶች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት ዘይቱን በወሰዱት ዘንድ በዝቶ ታይቷል። ስለዚህ ከውጭ አገር ዘመድ የላከለትን ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ሕመምተኛ ሲያጋጥም፣ ስለ ዘይቱ ንጽሕና ከመጠየቅ በፊት የልብ ምቱን መመርመርና ስታቲኑን አቋርጦ እንደሆነ ማጣራት ይቀድማል።