ጉብታን በጉድባ

የኑግ ዘይት በያዘ ብርጭቆ ላይ ውሃ ቢፈስ አናቱ ላይ አይረጋም፤ እንደ ጣት እየሾለ ዘይቱን ሰንጥቆ ይወርዳል፣ ዘይቱም በጎን በጎኑ አረፋ እየሆነ ይወጣል። ቡሬ ውስጥ በየማድ ቤቱ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ሎርድ ሬይሊ በ1883፣ ጂ. አይ. ቴይለር ደግሞ በ1950 እ.ኤ.አ. በሂሳብ ስለተነተኑት የሬይሊ-ቴይለር አለመረጋጋት ይባላል። ሺጌኦ ካዋታ፣ ካሪኖና ኦጎይስኪ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የከባድ አዮን ፊውዥን (የከባድ አዮኖች ጨረር ነዳጅን ጨምቆ ኑክሊየሶችን የሚያዋሕድበት ስልት) ዳሰሳ ውስጥም ዋናው ባላንጣ ይኸው ነው።

የሥራው መዋቅር የጉዞ ነው። አንባቢው ጨረሩን ተከትሎ ከቅንጣት አፋጣኙ ይነሣል፤ የሪአክተሩን ክፍል ያቋርጣል፤ ጨረሩ የዴውተሪየምና የትሪትየም ነዳጅ የያዘችውን ትንሽ እንክብል ሲመታ፣ ነዳጁም ከጠጣር ይዞታው ሺህ እጥፍ ያህል ሲጨመቅ ያያል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፦ አፋጣኙ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከ30 እስከ 40 በመቶውን ወደ ጨረር ከለወጠ፣ እንክብሉ የተቀበለውን ጉልበት ከ50 እስከ 70 እጥፍ ከመለሰ፣ ይህም በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ከተደጋገመ 1 ጊጋዋት ኤሌክትሪክ ይገኛል። የአፋጣኙ ቅልጥፍና ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያሳየው የአሜሪካው የሌዘር ፊውዥን ተቋም ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በ2.05 ሜጋጁል ብርሃን 3.15 ሜጋጁል ሲያስገኝ፣ ሌዘሮቹ ራሳቸው የበሉት ኤሌክትሪክ 300 ሜጋጁል ያህል ነበር።

የድርሰቱ ልብ ግን በሚጨመቀው እንክብል ላይ ጉብታ እያበቀለ መጭመቁን የሚያዛባውን አለመረጋጋት የሚገራበት ስልት ነው። ፍኖተ ሰላም ዳር እረኛ ልጅ ዱላውን በመዳፉ ላይ አቁሞ ሲጫወት፣ ዱላው ወዴት እንዳዘነበለ አይቶ እጁን ያስከትላል። በእንክብሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ፋታ የለም፤ ሁሉ ነገር የሚያልቀው በቢሊዮንኛ ሰከንዶች ነው። ስለዚህ ደራሲዎቹ መንገዱን ይገለብጡታል። የጨረሩን ዘንግ ሆን ብለው ያወዛውዙታል፤ እንከኑን የሚዘራው ጨረሩ ራሱ ስለሆነ ጉብታው የት እንደሚነሣ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምት በዚያው ቦታ ጉድባ ያኖርበታል፣ ሁለቱም ይጣፋሉ። አዮኖቹ 1 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዘልቀው ስለሚቆሙ የጥግግቱ ለውጥ ዝግ ያለ መሆኑም እድገቱን ያለዝበዋል። ባላንጣውን በጉልበት ሳይሆን በራሱ ዜማ መርታት! እኔ በዚህ ዘርፍ ከዚህ የበለጠ የተዋበ ሐሳብ አላነበብኩም።

ውበቱ ግን ገደብ አለው። ሊጣፋ የሚችለው ቦታው የታወቀ ጉብታ ብቻ ነው። የእንክብሉ ገጽ ሻካራ ቢሆን፣ ወይም እንክብሉ ከመሃል ፈቀቅ ቢል፣ ያ እንከን የጨረሩን ውዝዋዜ አይሰማም። ማስረጃውም በአብዛኛው የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ እንዲህ ያለ እንክብል ለማቀጣጠል የሚበቃ የከባድ አዮን ጨረር የሚያወጣ አፋጣኝ እስካሁን አልተሠራም። ሌላም ቅሬታ አለኝ፦ ደራሲዎቹ ጨረሩ እንክብሉን በቀጥታ ወደሚመታበት መንገድ ያደላሉ። አሜሪካውያን ብዙ የደከሙበት፣ ጨረሩ መጀመሪያ ወደ ኤክስሬይ የሚለወጥበት ስልት ከዚህ ሰፋ ያለ ሙግት ይገባው ነበር። ለገዛ ቤት ማድላት በዳሰሳ ጽሑፍ ላይ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ያም ሆኖ ሥራው የቆመበትን ከፍታ የሚያሳየኝ የራሳችን ሰማይ ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፣ ከምዕራብ ጎጃም በላይ በብዙ መቶ ኪሎሜትር ከፍታ፣ ጥቅጥቅ ያለው ፕላዝማ በሳሳው ላይ ተጭኖ ያው የብርጭቆው ታሪክ ይደገማል፤ የሚነሡት አረፋዎች የሳተላይት ምልክት ያውካሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የዋሸራ ቤተ ሙከራ የሚያጠናው ይህንን ሰማይ ነው። እዚያ ላይ መለካትና መተንበይ እንጂ መግራት የለም። ካዋታና ባልደረቦቹ የተነሡት ለመግራት ነው፤ በወረቀት ላይ ተሳክቶላቸዋል። ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው ስለ ጨረሩ ውዝዋዜ ከሚያወራው ክፍል ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲያነብ እመክራለሁ፤ የአፋጣኙን ክፍል የመጨረሻ ያድርገው።