ስለ ፖሊስ ኮሚሽነር አሿሿም

በሕገ መንግሥታችን ውስጥ አንባቢ በቀላሉ የሚያልፋት አንዲት ቃል አለች፤ ይኸውም «ኮሚሽነሮች» የምትለው ናት። አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 13 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዳኞችን፣ የሚኒስትሮችን፣ የኮሚሽነሮችንና የዋናውን ኦዲተር ሹመት እንደሚያጸድቅ ይናገራል። አንቀጽ 74 ንኡስ አንቀጽ 7ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮሚሽነሮችን መርጦ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያዛል። ነገር ግን በ2004 የወጣው የፌዴራል ፖሊስ አዋጅ ቁጥር 720 የኮሚሽነር ጄኔራሉን ሹመት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠ (ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው)። ታዲያ ይህ ሹም ኮሚሽነር አይደለምን?

አይደለም የሚሉ አሉ። ቃሉ የተጻፈው ለሌሎች ኮሚሽኖች ነው፤ የፖሊስ አዛዥ ግን እንደ ጦር አዛዥ የአስፈጻሚው ክንድ ስለ ሆነ ትእዛዝ ለሁለት እንዳይከፈል አንድ ሰው ይሹመው ይላሉ። ይህን ክርክር ባዶ ነው አንልም። በጥቅምት 2013 ጦርነት በተጀመረ በቀናት ውስጥ የኤታማዦር ሹሙ፣ የመረጃና ደኅንነቱ ኀላፊና የፖሊስ ኮሚሽነር ጄኔራሉ በአንድ ቀን መሾማቸውም ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ይመስለናል። ሆኖም ወታደር ፊቱን ወደ ጠላት ያዞራል፤ ፖሊስ ግን የዜጋውን በር ያንኳኳል፣ ይይዛል፣ ይመረምራል፤ አንዳንድ ጊዜም መመርመር የሚገባው የሾመውን ሰው ባልደረባ ነው። ደግሞስ አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 7 ፖሊስ ሰብአዊ መብት ሲጥስ ምክር ቤቱ ያጣራ፣ እርምጃም ይውሰድ ይላል። ምክር ቤቱ ሲሾም ያልጠየቀውን ሰው ካጠፋ በኋላ በምን ድፍረት ይጠይቀዋል?

ከአንድ እጅ የሚሰጥ ሹመት ታማኝነትን ያስገኛል የሚባለውንም ታሪካችን አይመሰክርለትም። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 መሾምና መሻርን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ግን የፖሊስ ኮሚሽነሩ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች አንዱ ሆነው ተገኙ፤ በዚያው ግርግርም ሞቱ።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2002 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 245 ሌላ መንገድ ይዛለች። የፖሊሱን ዋና ኢንስፔክተር ፕሬዚዳንቱ በምክር ቤት ስምምነት ይሾማል፤ ዘመኑ አራት ዓመት ነው፣ አይደገምም፤ ሚኒስትሩም ማን ይመርመር፣ በማን ላይ ሕግ ይፈጸም ብሎ ሊያዝዘው አይችልም። ይህን ስናወድስ እውነቱን አንደብቅም። በ2016 ሰልፈኞች በጥይት ሞተዋል፤ ዋና ኢንስፔክተሩም በሐምሌ ወር ከሥልጣን ለቀዋል። የምክር ቤት ማጽደቅ ጥይትን አላስቀረም። ቢሆንም ተተኪው ሹመቱ ከመጽናቱ በፊት በምክር ቤቱ አባላት ፊት ተቀምጦ መጠየቅ ነበረበት።

እኛ ሕገ መንግሥቱ ይለወጥ አንልም። «ኮሚሽነሮች» የምትለው ቃል የፖሊሱንም ኮሚሽነር ትጨምራለች ተብሎ በፖሊስ አዋጁ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢገባ፣ የሥልጣን ዘመኑም በቍጥር ቢጻፍ ይበቃናል።