ሰማይ ሲከሰስ

ድሮ ዝናብ ሲቀር «የእግዜር ቁጣ ነው» ይባል ነበር። ዛሬ ደግሞ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» እንላለን። ቃሉ ተለወጠ እንጂ አገልግሎቱ ያው ነው፤ ሁለቱም ጥያቄን ለመዝጊያነት ይውላሉ። ይህች ሐረግ በጋዜጦቻችንና በስብሰባ አዳራሾቻችን እንደ ጨው በየወጡ ስትነሰነስ አያለሁና፣ ዛሬ በዚህ ገጽ የምሔሰው አንድ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን አንድ ሐረግም ነው።

መጽሐፉ የፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝኛ የታተመው ይህ ሥራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያ ገጠር ከ1958 እስከ 1977 ለረሃብ የተጋለጠበትን ምክንያት ይመረምራል። የጂኦግራፊው ሊቅ ሙግት ቀላልም ደፋርም ነበር፤ ድርቅ ሌላ፣ ረሃብ ሌላ። ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት የሚወድቀው ዝናብ ስለቀረ ብቻ አይደለም፤ በደጉ ዓመትም ጎተራው ባዶ እንዲሆን የሚያደርግ ሥርዓት ተጭኖት ስለኖረ ነው። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት አገራችን ወደዚያ ታላቅ ረሃብ መግባቷን ስናስታውስ፣ ጸሐፊው ምን ያህል ወቅቱን እንዳነበበ ይገባናል።

ይሁንና በዚያ ዘመን የሰማዩን ድርሻ መለኪያ አልነበረም። ዛሬ አለ። ሳይንቲስቶች የዝናብና የሙቀት መዛግብትን ይዘው በኮምፒዩተር ሁለት ዓለም ያቆማሉ፤ አንዱ የምንኖርበት፣ ሌላው የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ ያላሞቀው። ከዚያም አንድ ዓይነት ድርቅ በሁለቱ ዓለሞች ስንት ጊዜ እንደሚደርስ ያነጻጽራሉ። ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን በዚህ መንገድ የእኛኑ አካባቢ ሁለት ድርቆች መርምሯል። ውጤቶቹን ጎን ለጎን ማንበብ ለሐያሲ ትልቅ ትምህርት ነው።

የመጀመሪያው የ2015ቱ ድርቅ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የደረሰው የዝናብ እጥረት እጅግ ብርቅ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። መርማሪዎቹ የኤልኒኞን እጅ አገኙ፤ የዓለም ሙቀት ዝናቡን ስለመቀነሱ ግን የሚታይ ምልክት አላገኙም። ሁለተኛው ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከዱበት የደቡብ ኢትዮጵያ፣ የሶማሊያና የኬንያ ድርቅ ነው። በሚያዝያ 2023 የወጣው ጥናት እንዲህ ያለው ድርቅ በሰው ሠራሽ ሙቀት ምክንያት የመድረስ ዕድሉ ወደ 100 እጥፍ ማደጉን ገለጸ።

እንግዲህ ያው ቡድን፣ ያው ዘዴ፣ ሁለት ፍርድ! «ሁሉም የአየር ለውጥ ነው» ለሚለውም፣ «ድርቅ ድሮም ነበር» ለሚለውም አይመችም።

የሁለተኛው ፍርድ ምሥጢር ያለው ከዝናቡ ይልቅ በአየሩ ጥማት ላይ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ እንፋሎት የመያዝ አቅሙ በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዝናብ ሲጠፋ ይህ የተጠማ አየር የአፈሩንና የግጦሹን እርጥበት ይመጣል፤ ደመና ሲመጣ ደግሞ ያጠራቀመውን ባንዴ ይዘረግፈዋል። በ2023 መጨረሻ እነዚያው በድርቅ የተቃጠሉ አካባቢዎች በጎርፍ መጥለቅለቃቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የመሰለው ሰው ብዙ ነው። አይጋጭም። በዚያ ወቅት ኤልኒኞና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ዝናቡን አምጥተውት ነበር፤ የዓለም መሞቅ ደግሞ አበረታው።

ሙግቴ እዚህ ላይ ነው። የሰማዩን ድርሻ መለካት የምድሩን ድርሻ አይሰርዝም። በነሐሴ 2006 የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ የተኙ ሰዎችን ያገኘው ወንዙ ዳር ነው። የዓለም ሙቀት ቤት በወንዝ ዳር አይሠራም፤ የማስጠንቀቂያ ደወልም ከሰማይ አይወርድም። በሌላ በኩል የ2015ቱ ድርቅ የ1984ቱን ያህል እልቂት ያላስከተለው ሰማዩ ስለራራ አይደለም። አገሪቱ እንደ 1984ቱ በጦርነት ስላልታመሰች፣ ከ2005 ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራምና በጊዜ የደረሰ እህል ስለነበረ ነው። መስፍን ከዐሥርት ዓመታት በፊት ያሉት ይኸው ነው፤ አዲሱ ሳይንስም መጽሐፋቸውን አላስረጀውም። ይልቁንም የጎደለውን ምዕራፍ ጨመረለት።

ይህ የቃላት ሽኩቻ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2022 በሻርም ኤል ሼክ የተሰበሰቡ መንግሥታት በአየር ለውጥ ለተጎዱ ድሃ አገሮች ካሣ መሰል ፈንድ ለማቋቋም ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የላከችው ጭስ ከበለጸጉት አገሮች ጭስ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነውና፣ የቦረና አርብቶ አደር በእነዚህ አገሮች ላይ እውነተኛ ክስ አለው። ክሱን የሚያበላሹበት ግን የገዛ ጠበቆቹ ናቸው። ያልተጠገነ ኩሬ፣ የተዘጋ ቦይና ዘግይቶ የደረሰ ስንዴ ሁሉ በአንድ ሐረግ ተጠቅልሎ ሲቀርብ፣ ተከሳሹ ሐሰቱን ከእውነቱ ነጥሎ በነፃ ይወጣል። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ማለት ይኸው ነው። የራስን መንግሥት ብቻ የሚከስም በበኩሉ ትልቁን ባለዕዳ ሳይጠራ ችሎቱን ይዘጋል።

ስለዚህ ወዳጄ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የድርቅ ወይም የጎርፍ ዜና ሲነበብ ከጸሐፊው ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ዝናቡ ከልማዱ ምን ያህል ራቀ? ከዚያ ውስጥ የሙቀቱ ድርሻ ስንት ነው? ሰዎቹስ ባዶ ጎተራ ይዘው ወይም ወንዝ ዳር ተኝተው የተገኙት በማን ውሳኔ ነው? ሦስቱንም ያልመለሰ ዜና ጨርሶ አልተጻፈም።