መሬት ያጡና መሬት ያላገኙ፦ የሐዋሳ ሁለት ማህበረሰቦች የኑሮ መሠረት

በሐዋሳ ስለ ኑሮ ሲወራ ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ ወደ ብሔር ይዞራል። በአንድ በኩል «ከተማዋ በአባቶቻችን ግጦሽ ላይ አድጋ እኛን ወደ ዳር ገፋችን» የሚል ቅሬታ አለ፤ በሌላ በኩል «በጉልበታችን ገንብተናት ዛሬም እንደ እንግዳ እንታያለን» የሚል። ሁለቱም ቅሬታዎች እውነተኛ ጉዳት አላቸው። የሚያሳዝነው ጉዳቱን ያደረሰው ሌላ ሆኖ ሳለ ጣት የሚቀሰረው ወደ ጎረቤት መሆኑ ነው። እዚህ የማነጻጽራቸው በከተማዋ ዳርቻ መሬታቸውን ለከተማ መስፋፋት የለቀቁትን የሲዳማ አርሶ አደር ቤተሰቦችና ከወላይታ መጥተው በጉልበት ሥራ የሚኖሩትን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን የኑሮ ልዩነት የሥራ ፍቅር፣ የቁጠባ ባህል ወይም «ንቃት» አያስረዳውም። የሚያስረዳው እያንዳንዱ ከመሬት ጋር የተያያዘበት መንገድና መብቱ በማን ስም እንደተጻፈ ነው።

በቅድሚያ አንድ ቁጥር ማጥራት ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ነዋሪ 259 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ሲዳማ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አማራ 15 ከመቶ ያህል፣ ወላይታ ደግሞ 14 ከመቶ ያህል ይሆን ነበር። ይህ ስሌት ብዙ ጊዜ እንደ ከተማ ስብጥር ይጠቀሳል። ነገር ግን አስተዳደሩ የገጠር ቀበሌዎችንም ያቅፋል፤ በከተማው ውስጥ ይኖር የነበረው ከጠቅላላው 61 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሐዊላ ቱላ በኩል እንሰትና ቡና የሚያለማው ገበሬና በፒያሳ ሱቅ ያለው ነጋዴ በአንድ ድምር ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው። «ግማሹ ሲዳማ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲዳማው በከተማዋ የገበያ ሕይወት ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው አይናገርም።

ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታው ሰው አልባ አልነበረም። አዳሬ ተብሎ የሚጠራ፣ ከብት የሚሰማራበት፣ የሐይቁን ዳር ተከትሎ የሲዳማ ጎሳዎች የሚጠቀሙበት አካባቢ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙበታል። ሲዳማ በምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባ ጀምሮ በገባርነት የኖረ ሕዝብ በመሆኑ፣ የከተማዋ መመሥረት በአካባቢው ትዝታ ውስጥ የዚያ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ሆኖ ተቀምጧል።

ወሳኙ ዓመት ግን 1967 ነው። የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ዞሩ። ገባሩ ከባላባት ነጻ ወጥቶ የሚያርሰው መሬት ባለ ይዞታ ሆነ፤ ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር፣ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ሆኖም ሁለቱ አዋጆች ሁለት የተለያዩ የሕግ ዓለሞችን ፈጠሩ። የገጠሩ መሬት የሚተዳደረው በአንድ ሥርዓት፣ የከተማው በሌላ ነው። የከተማው ወሰን በተንቀሳቀሰ ቁጥር የገበሬው ማሳ ራሱ ሳይንቀሳቀስ ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው ይሻገራል። በእኔ እምነት የሐዋሳ ዙሪያ አርሶ አደር ድህነት የሚመረተው በዚህ መሻገሪያ ላይ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ገበሬው ሲነሣ የሚካሰው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለሚያጣው ምርት እንጂ ለመሬቱ አይደለም። በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት በቋሚነት ለተነሣ ባለ ይዞታ የሚከፈለው የማፈናቀያ ካሳ ባለፉት አምስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ አሥር ዓመት ረጅም ነው። በሲዳማ ማሳ ላይ ግን የኑሮው ምሰሶ እንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ተክሎች ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ቤቱ በየዓመቱ ቆጮ አያጣም፤ ዝናብ ቢቀር እንኳ ጓሮው ራሱ ጎተራ ነው። አብዛኛው በቤት የሚበላ እንጂ ለገበያ የሚወጣ ባለመሆኑ በ«ዓመታዊ ገቢ» ስሌት ሲለካ ትክክለኛ ክብደቱን አያገኝም። የካሳ ገማቹ የተክሉን ዋጋ ሊመዘግብ ይችላል፤ ለድርቅ ዘመን የሚሰጠውን ዋስትና የሚመዘግብበት ዓምድ ግን የለውም።

ያው መሬት ወደ ከተማ ከገባ በኋላ በሊዝ ጨረታ ይቀርባል፤ በገበሬው ካሳና በጨረታው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነትም ወደ ማዘጋጃ ቤት ይገባል። ገበሬው ይህን አይቶ የሚያደርገው ነገር ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም፦ ልኬት ሳይመጣ በፊት ማሳውን እየቆራረጠ በመንደር ውል ይሸጣል። «ጨረቃ ቤት» የሚባለው እንዲህ ይበዛል። ባለሥልጣናት ሕገ ወጥነት ይሉታል። በሕግ ቋንቋ ልክ ናቸው፤ በኢኮኖሚ ቋንቋ ግን ሰውዬው የሚያደርገው ሕጉ የነፈገውን የመሬት ዋጋ በጓሮ በር ማስመለስ ነው።

ስለ ካሳ የሚጻፉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር አለ፦ ተነሺዎች ገንዘቡን «በአግባቡ አልተጠቀሙበትም»። ይህን ድምዳሜ አልቀበለውም። የአሥር ዓመት ገቢ በአንድ ቀን በእጁ የገባለት፣ ገንዘቡ በዋጋ ንረት በየወሩ የሚሟሟበት፣ በሙያ ረገድ ከግብርና በቀር ያልሠለጠነ ሰው ባጃጅ ቢገዛና ባጃጁ ቢበላሽ ስንፍና አይደለም። ማንኛውም ነጋዴ በዚያ ቦታ ቢቀመጥ ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል። ከዚህ የከፋው በቤተሰቡ ውስጥ የሚደርሰው ነው። ካሳው ለአባወራው ይከፈላል፤ ከአባቱ ማሳ ተቆርሶ ጎጆ እወጣበታለሁ ብሎ ያደገው ወንድ ልጅ ግን በዝርዝሩ ላይ የለም። ቀድሞም መሬት የማይደርሳት ሴት ልጅ ደግሞ በሁለቱም ሥርዓት ባዶ እጇን ትቀራለች። መሬት የትውልዶች ነበር፤ ካሳው የአንድ ሰው ሆነ።

የወላይታው ታሪክ ከሌላ ጫፍ ይጀምራል። የወላይታ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. በንጉሥ ጦና ዘመን ተሸንፎ ወደ ማዕከሉ ከገባ በኋላ እዚያም ገባርነት ሰፈነ። በደጋው የሕዝብ ብዛት እያደገ የማሳው ስፋት እየጠበበ ሄደ፤ በአንዳንድ ወረዳዎች በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ ይኖራል። በ1962 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከማቅረብ ባሻገር የደጋ ሰዎችን ወደ አበላ ቆላ አስፍሯል። ያም ሆኖ የመሬት ጥበቱን አልፈታም። ወጣቱ ለሥራ ወደ ወንጂና ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎች መውጣት የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። ሐዋሳ ስትሰፋ መንገዱ ወደዚህ ዞረ። ጫኝና አውራጅ፣ የግንባታ ቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ሱቅ በደረቴ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ኋላም የባጃጅ ሹፌር ሆኖ የከተማዋን የዕለት እንቅስቃሴ ከተሸከሙት መካከል ከወላይታ የመጣው ወጣት በቁጥር ጎልቶ ይታያል።

የዚህ ሰው ኑሮ በሁለት ቤት የተዘረጋ ነው። እዚህ ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ተጋርቶ ይከፍላል፣ እዚያ ደግሞ የእናቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለብሳል፣ የታናሹን ትምህርት ቤት ይሸፍናል። ለመስቀል የሚጣለው ዕቁብ ዓመቱን ሙሉ ይሰበሰባል፤ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታና በመስቀል ሰሞን ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደው አውቶቡስ ሲጨናነቅ የሚጓዘው ሰው ብቻ አይደለም፣ የዓመቱ ቁጠባም ነው። ይህ ልማድ ገንዘቡ ለሚላክለት መንደር ትልቅ በረከት ነው። በከተማው ውስጥ ግን ለላኪው ብዙ አይተውለትም። አሥር ዓመት በሐዋሳ የሠራ ሰው በስሙ የተጻፈ አንድም ነገር ላይኖረው ይችላል። ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ካላመጣ የነዋሪነት መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ ከሌለው በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት፣ ብድር መጠየቅ፣ ለቤት መመዝገብ አይችልም። መሬት የነጠቀው ሕግ ባይኖርም፣ ወደ ከተማው የንብረት መዝገብ የሚያስገባው በር ዝግ ነው።

ሁለቱ ሰዎች የሚገናኙት በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ በ1.3 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ላይ 52 ሼዶች ነበሩት፤ 60 ሺህ ሠራተኞች እንዲይዝ ታስቦ ነው የተሠራው። ምልመላው እስከ ገጠር ወረዳዎች ወርዶ በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ከሲዳማም ከወላይታም ከሌሎች ዞኖችም አመጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ዘግቧል፤ በሀገራችን ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ፓርኩ ለዚህ ሁሉ ሠራተኛ መኖሪያ አላዘጋጀም። ስለዚህ ልጆቹ አራትና ከዚያም በላይ ሆነው በከተማው ዳር ክፍል ተከራዩ። አከራዩ ማን ነው? ብዙ ጊዜ በቀረችው ጥግ ላይ የጭቃ ሰርቪስ ክፍሎች የደረደረ የመንደሩ ነባር ገበሬ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተነገሩት ነገሮች ሁሉ ይህን ግንኙነት ይበልጥ አስባለሁ። ከማሳው የተነሣው ቤተሰብ ካሳው ካለቀ በኋላ የያዘው ገቢ የኪራይ ክፍያ ነው፤ ክፍያው የሚመጣው ከዚያ አነስተኛ ደመወዝ ነው። ኪራዩ ሲጨምር ልጅቱ «አካባቢው በዘበዘን» ትላለች፤ ደመወዙ እንዳነሰ ሲቆይና ክፍሉ ባዶ ሲሆን አከራዩ «መጤው ጥሎን ሄደ» ይላል። ሁለቱም ሒሳባቸውን የሚያወራርዱት እርስ በርስ ነው። የሼዱ ኪራይ ግን የሚከፈለው ለፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው፤ የመሬቱ ልዩነት ዋጋ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ የሸሚዙ ትርፍ ለባሕር ማዶ ገዢ ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል እንደምትሰርዝ ካሳወቀች በኋላ የፓርኩ ፊታውራሪ የነበረው ፒቪኤች ኩባንያ በኅዳር 2014 መውጣቱን ሲያስታውቅ፣ ደመወዝና የክፍል ኪራይ በአንድ ምት ተናጉ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ላይ ባደረጉት ጥናት የፋብሪካ ሥራ ካገኙት መካከል ሦስት አራተኛ ያህሉ በዓመት ውስጥ ለቀዋል፤ ገቢያቸውም በራሳቸው ሥራ ከሚፍጨረጨሩት አልበለጠም። እንግዲህ «ፋብሪካው ሁለቱንም ያነሣቸዋል» የሚለው ተስፋ ከጅምሩ የደከመ ነበር።

ከሀገር ውጭ የሚገኝ አንድ ንጽጽር ነገሩን ያጠራዋል። በአሜሪካ ሁለት የተለያዩ ጥቁርና ነባር ማህበረሰቦች፣ ላይቤሪያውያን ስደተኞችና የሴሚኖል ሕዝቦች፣ በኢኮኖሚ ረገድ እጅግ ይለያያሉ። የፍሎሪዳ ሴሚኖሎች ከሦስት ጦርነቶች በኋላ ረግረጋማው ውስጥ የቀሩ ጥቂት መቶ ሰዎች ዘሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 እንደ ጎሳ መንግሥት በሕግ ታወቁ፤ በ1979 በሆሊውድ ፍሎሪዳ የቢንጎ አዳራሽ ከፈቱ፤ በ2007 ሃርድ ሮክ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሆቴልና የካዚኖ ኩባንያ በ965 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ሀብቱ የጎሳው ነው፤ ለአባላት ድርሻ ይከፋፈላል። ወደ ኦክላሆማ በግድ የተጋዙት ሴሚኖሎች ግን ያው ሕዝብ ሆነው መንገዳቸው ሌላ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጋራ መሬታቸው በነፍስ ወከፍ ተሸንሽኖ ታደላቸው፤ አብዛኛው በሽያጭና በማጭበርበር ከእጃቸው ወጣ። ባህልና ደም አንድ ሲሆኑ ውጤቱን የለየው የባለቤትነቱ ቅርጽ ነበር። ላይቤሪያውያኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረው ጦርነት ሸሽተው በሚኒሶታና በሮድ አይላንድ ሰፈሩ፤ ብዙዎች በአረጋውያን መንከባከቢያና በነርስነት ሙያ ገቡ፤ ወደ ሞንሮቪያ ገንዘብ ይልካሉ። ከነሱ መካከል ብዙዎች ወደ 30 ዓመት ገደማ በየጊዜው በሚታደስ ጊዜያዊ ከለላ ኖሩ፤ ቋሚ ነዋሪነት የሚያስገኝ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ነው። ጊዜያዊ የሆነ ሰው ቤት ለመግዛት ይፈራል፤ ያጠራቀመው ይበልጥ ወደ ትውልድ ሀገር ይሄዳል።

በእነዚህ ማህበረሰቦችና በሐዋሳው መካከል ያለውን ልዩነት ማለፍ አይገባም። ሲዳማ በሚሊዮን የሚቆጠር፣ በኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ የራሱን ክልል ያቋቋመ ሕዝብ ነው፤ ሐዋሳ በማን ትተዳደር በሚለው ጥያቄም በግንቦት 16 ቀን 1994 በሎቄ በተካሄደው ሰልፍ ሕይወት ከፍሏል። ቁማር ቤትም ለማንም አርአያ ይሁን አልልም። ግን ክልል መሆን ለተማረው ቢሮና በጀት አመጣ እንጂ ለተነሺው ቤተሰብ የባለቤትነት ወረቀት አላመጣም። የሲዳማ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በጋራ ስም ዓለም አቀፍ ገበያ እንደገባ አይተናል፤ በከተማው ዳር ያለው አርሶ አደር ይህን የመሰለ የጋራ ስም የለውም። የሲዳማ ጥያቄ በፖለቲካ ተመለሰ፤ በዳርቻው ያለው ሲዳማ የኦክላሆማውን ዕጣ በካሳ መልክ እያየ ነው።

በሰኔ 2010 በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ የቀረቡት መፍትሔዎች ሥራን በተወላጅነት ስለማከፋፈል ሲያወሩ አንድ ነገር ዘለሉ፦ አንዱም ቡድን የሌላውን ሀብት አልያዘም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳውን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ አድርጎታል፤ ለኢንቨስትመንት የሚነሡ ሰዎችም በኢንቨስትመንቱ አክሲዮን ሊኖራቸው እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ ድንጋጌ በሐዋሳ በተግባር ቢውል፣ ማለትም የተነሡ ቤተሰቦች በሼድ ኪራይ ወይም በሠራተኛ መኖሪያ ሕንፃ በጋራ ስማቸው ድርሻ ቢይዙ፣ ወንዱም ሴቷም ልጅ በአባልነት ቢመዘገቡ፣ ሒሳቡ ይለወጣል። በዚያው የሠራተኛ መኖሪያ ውስጥ ለአንድ ዓመት የኖረ ማንም ሰው፣ ከሶዶ ይምጣ ከሲዳማው አለታ ወንዶ፣ በኪራይ ደረሰኙ ብቻ የነዋሪነት መታወቂያ እንዲያገኝ ማዘጋጃ ቤቱ መወሰን ይችላል። ለሁለተኛው አዲስ አዋጅም አዲስ በጀትም አያስፈልግም፤ የከተማው አስተዳደር ፊርማ ይበቃል።