የአምበር ዶቃ አመራረጥ

ከሐረር የመጣ፣ ድብልብል ቢጫ ዶቃ የተሰካበት የአንገት ጌጥ አቅርበው «ንጹሕ አምበር ነው» ቢሉዎት፣ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ዶቃውን መዳፍዎ ላይ ያድርጉት። ብርጭቆና ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ፣ ይከብዳሉም። አምበር የዛፍ ሙጫ ነውና ቅዝቃዜ የለውም፤ ከመጠኑ አንጻር ሲያነሡትም ይቀላል።

ቀጥሎ ውሃ። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው ከዚህ በላይ አልሟሟም እስኪል ያማስሉና ዶቃውን ከክሩ አውጥተው ይጨምሩት። አምበር ይንሳፈፋል። ባለፈው መቶ ዓመት በአውሮፓ ተሠርቶ ወደ አፍሪካ ገበያ የገባው ባክላይት የተባለ ፕላስቲክ ግን ይሰጥማል። የሚንሳፈፍ ፕላስቲክም ስላለ በዚህ አይብቃዎት። መርፌ አግለው የክሩን ቀዳዳ ውስጡን ነካ ያድርጉት፤ አምበር የጥድና የዕጣን ሽታ ይሰጣል፣ ፕላስቲክ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

አዋቂንም የሚያሳስተው ኮፓል ነው። እሱም የዛፍ ሙጫ ነው፤ ይንሳፈፋል፣ ሽታውም ደስ ይላል። የጎደለው ዕድሜ ብቻ ነው። የባልቲክ አምበር ከ34 ሚሊዮን ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ሲጠነክር ቆይቷል፤ ኮፓል ገና ጨቅላ ነው። በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አሴቶን ያኑሩበት፤ ኮፓል ጣት ላይ ይጣበቃል፣ አምበር እንደነበረ ይቆያል። ትክክለኛውን ዕድሜ ማወቅ ግን ለተመራማሪም ቀላል አይደለም። ሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው አምበር በ2010 እ.ኤ.አ. 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ወደ 16–23 ሚሊዮን አወረደው።

ውስጡ ነፍሳት ካለ በአጉሊ መነጽር ይዩት። ሙጫ የያዘው ትንኝ ሲታገል የሞተ ነው፤ ክንፉ ተጣሞ፣ እግሩ ተጎትቶ፣ አጠገቡ የአየር አረፋ ይታያል። መሃል ላይ እጅና እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ትልቅ ጊንጥ ካዩ ይጠርጥሩ። እንደ ቅርፊት የሚያብለጨልጩ ክብ ስንጥቆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማሞቅ ውጤት ናቸው፤ ሐሰተኛ አያሰኙትም፣ ሻጩ ግን ሊነግርዎት ይገባል።

የአያትዎ ዶቃ ጨው ውሃው ውስጥ ቢሰጥም አይጣሉት፤ አሮጌ ባክላይትም የራሱ ፈላጊ አለው። ባክላይት ሲገዙ ግን የአምበር ዋጋ አይክፈሉበት።